ካሜራው ለኪቦርዱ አልታዘዝ ሲል

ሰላም ለጠያቂያችን። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ በሕንፃው የጥበቃ ክፍል ውስጥ ካሜራዎቹን በዘንግ የሚያዝዝ ባለ ጆይስቲክ ኪቦርድ ተተክሎልዎ የሁሉም አናሎግ ካሜራዎች ምስል በሞኒተሩ ላይ በጥራት ይታያል፤ ነገር ግን ከሚሽከረከሩት ዶም ካሜራዎች አንዱ ጨርሶ አይንቀሳቀስም፣ ሌሎች ሁለቱ ደግሞ አንዱን ሲያዝዙ አብረው ይዞራሉ። እንዲህ ያለውን ዝርጋታ ለዓመታት ስጠግንና ስጠቀምበት ስለቆየሁ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

በቅድሚያ፣ ምስሉ መታየቱ ስለ ትእዛዙ ምንም አያረጋግጥም። ምስሉ በኮአክሲያል ገመድ ሲመጣ የኪቦርዱ ትእዛዝ የሚሄደው አርኤስ-485 በሚባለው ባለ ሁለት ሽቦ መስመር ነው። በዚያ ላይ በእነዚህ ዝርጋታዎች ኪቦርዱ ይናገራል እንጂ ካሜራው ሰምቻለሁ ብሎ አይመልስም፤ ስለዚህ ኪቦርዱ የስህተት መልእክት ስላላሳየ ብቻ መስመሩ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

አብረው የሚዞሩት ሁለቱ ካሜራዎች አንድ ዓይነት አድራሻ (ኪቦርዱ ካሜራውን የሚጠራበት ቁጥር) ተሰጥቷቸዋል ብዬ እገምታለሁ። አድራሻው የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በካሜራው ሆድ ውስጥ ባሉት ትንንሽ ዲፕ ስዊቾች ሲሆን፣ ዋጋቸው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ ያድጋል። አድራሻ 5 ለመስጠት የመጀመሪያውና ሦስተኛው ይከፈታሉ (ኦን ይደረጋሉ)፤ አምስተኛውን ብቻ የከፈተ ሰው ግን ካሜራውን 16 አድርጎታል። ብዙ ካሜራዎች አድራሻቸውን የሚያነቡት ሲነሡ ስለሆነ፣ ከቀየሩ በኋላ ኃይሉን አጥፍተው ያብሩት።

የማይንቀሳቀሰውን በተመለከተ፣ ሌሎቹ ስለሚሠሩ ኪቦርዱን አይጠርጥሩ። በካሜራው ላይ ፕሮቶኮሉ (የትእዛዝ ቋንቋው) እና ቦድ ሬቱ (የመላኪያ ፍጥነቱ) ከኪቦርዱ ጋር አንድ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ከፕሮቶኮሎቹ አንዱ የሆነው ፔልኮ-ዲ ብዙ ጊዜ በ2400 ይሠራል፣ ኪቦርዱ በ9600 ከላከ ግን ካሜራው የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ይህ ከተስማማ ኤ እና ቢ የተባሉት ሽቦዎች ተገላብጠው እንደሆነ አቀያይረው ይሞክሩ። በፔልኮ-ፒ የሚሠራ ካሜራ ካለ ደግሞ ይህን ያስታውሱ፤ በዚያ ፕሮቶኮል ቁጥሩ በመስመሩ ላይ የሚላከው ከዜሮ ጀምሮ ስለሆነ፣ አንዳንድ መሣሪያዎች ሲቀላቀሉ የታዘዘው ቀርቶ ጎረቤቱ ይዞራል።

ጆይስቲኩን ለቀው ካሜራው መዞሩን ከቀጠለ ችግሩ ያለው በመስመሩ ላይ ሊሆን ይችላል። በፔልኮ-ዲ ካሜራው የሚቆመው የማቆሚያ ትእዛዝ ሲደርሰው ነውና፣ ያ ትእዛዝ በመንገድ ከጠፋ እንደዞረ ይቀራል። ሽቦው ከአንዱ ካሜራ ወደ ቀጣዩ በተራ መሄድ አለበት፤ ከአንድ ነጥብ ወደየአቅጣጫው የተበተነ ዝርጋታ፣ ኤሌክትሪሻኖቻችን ቢወዱትም፣ ለዚህ መስመር አይሆንም። በመስመሩ ዳርና ዳር 120 ኦም መዝጊያ (ሬዚስተር) ይደረጋል፤ ርዝመቱም ከ1200 ሜትር ባያልፍ ይመረጣል።

አጠቃቀሙን በሚመለከት፣ በብዙዎቹ ኪቦርዶች መጀመሪያ የሞኒተሩ፣ ቀጥሎም የካሜራው ቁጥር ገብቶ ቁልፉ ይጫናል፤ ከዚያ ጆይስቲኩ የዚያ ካሜራ ነው። ጆይስቲኩ ባለ ሦስት አቅጣጫ ከሆነ ጫፉን በመጠምዘዝ ዙም ይደረጋል። ዙም ባደረጉ ቁጥር እጅዎን ያለዝቡ፤ ትንሽ ግፊት ምስሉን ከሞኒተሩ ያስወጣዋል። ጎበዝ ኦፕሬተር ግን በእኔ ግምት ጆይስቲኩን የሚያበዛ አይደለም፤ በሩን፣ የገንዘብ ክፍሉንና የመኪና መውጫውን በፕሪሴት (በካሜራው ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት በሚቀመጥ እይታ) አስቀምጦ በቁጥር የሚጠራ ነው። ቁጥር ሲመርጡ 33፣ 34 እና 95ን ይተዉ፤ በፔልኮ ፕሮቶኮል 33 ካሜራውን ወደ ኋላ ያዞራል፣ 34 ወደ መነሻው ይመልሰዋል፣ 95 ደግሞ በብዙ ካሜራዎች የውስጥ ሜኑውን ይከፍታል። ፎከስና አይሪስን (የብርሃን መግቢያውን) በእጅ ካስተካከሉ ፈረቃ ከመቀየርዎ በፊት ወደ አውቶ ይመልሱ፤ አለዚያ ተረካቢው ጠዋት ነጭ ምስል ያገኛል።

ካሜራው ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ከቦታ ቦታ እየዞረ የሚያይበትን ፓትሮል አልወደውም። ሞተሩንና ቀበቶውን ይበላል፤ ድርጊቱ ሲፈጸምም ካሜራው ሌላ ቦታ እያየ ሊሆን ይችላል። ይልቁንስ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ወደ ዋናው በር እንዲመለስ ቢያደርጉት ይሻላል።

ይህን ሁሉ ሞክረው ካልተፈታ የዲፕ ስዊቾቹን ፎቶና የኪቦርዱን የፕሮቶኮል ገጽ እዚሁ ይለጥፉልን።