ክሮሳንት፣ ማፊን ወይስ ዳቦ? የቁርስ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቁርስ ናቸው። ዳቦ፣ ክሮሳንት፣ ማፊን፣ ዶናት፣ ቤግል (መሃሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ዳቦ)። ሁሉም የሚያልቁት "የትኛው ይሻላል?" በሚል ነው። ለመመለስ ስል የኩሽና ሚዛኔን አወጣሁና ሳምንቱን ሙሉ ቁርሴን ስመዝን ሰነበትኩ። ብዙው መልስ የተገኘው እዚያ ሚዛን ላይ ነው። ስናወዳድር የምናወዳድረው ስማቸውን ነው፤ ክብደታቸውን ልብ አንልም። ከታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች አማካይ ናቸው። እንደ ጋጋሪውና እንደ መጠኑ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ጥያቄ፦ ቢሮ ስገባ አንድ ክሮሳንት በሻይ እበላለሁ። የሥራ ባልደረባዬ "ከዚህስ ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ በቅቤ ይሻልሻል" እያለች ትሟገተኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ዳቦው ያለ ቅቤ ቢሆን ትረታሽ ነበር እህቴ። መካከለኛ ክሮሳንት 57 ግራም ያህል ይመዝናል። በውስጡ 230 ካሎሪና 12 ግራም ስብ አለ። ከስቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት ነው። ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ 60 ግራም ገደማ ይሆናል። ካሎሪው 160፣ ስቡ ደግሞ 2 ግራም ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ዳቦው በሰፊው ይመራል።

ግን "በቅቤ" ብላለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ሲቀባበት 100 ካሎሪና 7 ግራም ሳቹሬትድ ስብ ይጨመርበታል። ያኔ ክሮሳንቱ ላይ ደረሰበት። በካሎሪ እንዲያውም አለፈው። የሚለየው ቅቤው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ክሮሳንት ሲሠራ ቅቤው ሊጡ መሃል ይደረጋል፣ ይዳመጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይዳመጣል። ምድጃ ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ንብርብሮቹን ይነፋቸዋል። ያ ስስና ተሰባሪ ቅርፊት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅቤው ስለማይታይ የሌለ ይመስለናል። ክሮሳንቱን ሶፍት ላይ አስቀምጪና ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንሺው። ሶፍቱን ወደ መስኮት አቅንተሽ ስታዪው ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ተስሎበት ታገኚዋለሽ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ ክሮሳንት ከዚህ ውስጥ ሲሶውን ያህል ይወስዳል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ብትበዪው ችግር የለውም። የየቀኑ ቁርስሽ ባታደርጊው ግን እመርጣለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ክሮሳንቱም ነጭ ዳቦውም ፕሮቲናቸው 5 ግራም፣ ፋይበራቸው (ሆድ የማይፈጨው ቃጫ) ደግሞ 1.5 ግራም ቢሆን ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመከራል። ሁለታችሁም ስለ ቅቤ ስትከራከሩ ቁርሳችሁ ይህን ሳያሟላ ቀረ።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ጠዋት ዶናት ካልሰጠሽኝ ይለኛል። ስኳሩ ስላሳሰበኝ የብሉቤሪ ማፊን እየገዛሁለት ነው። ፍሬም አለበት ብዬ ነው። ጥሩ አደረግሁ?

መልስ፦ ሐሳብዎ የእናት ሐሳብ ነው፤ አከብረዋለሁ። ማፊኑ ግን አታሎዎታል። እኔንም ለዓመታት አታሎኛል።

ከመጋገሪያ የገዛሁትን አንድ ትልቅ ማፊን ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 130 ግራም መዘነ። የዚህ ዓይነት ማፊን በ100 ግራም 375 ካሎሪ ያህል አለው። ስኳሩም ከ30 ግራም አያንስም። በ130 ግራም ስናሰላው ወደ 490 ካሎሪ ይሆናል። ስኳሩም 40 ግራም ይደርሳል። 40 ግራም ስኳር አሥር የሻይ ማንኪያ ነው። እኔ አሥሩን ማንኪያ ቆጥሬ ነጭ ሳህን ላይ አፈሰስኩት። ክምሩን ካየሁ በኋላ ማፊኑን መጨረስ አልቻልኩም።

ስኳር የተቀባ አንድ ዶናት ደግሞ 60 ግራም ያህል ነው። ካሎሪው 250፣ ስኳሩ ከ10 እስከ 15 ግራም ይሆናል። በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ 14 ግራም ገደማ ስብ አለው። ዶናት ጥሩ ቁርስ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በአንድ ፍሬ ሂሳብ ከሄድን ትልቁ ማፊን የዶናቱን እጥፍ ያህል ካሎሪ ይዟል። ስኳሩማ ከእጥፍም በላይ ነው። ማፊን በሊጡ ኬክ ነው፤ ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላልና ዘይት። ፍሬዎቹ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያሉ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አሳስቧል። ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል ብሏል። ይህ 5 በመቶ ለአዋቂ እንኳ 25 ግራም ገደማ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ከዚያም ያንሳል።

ልጅዎ ጣፋጩን በአንድ ቀን ይተው አልልም። እንዲህ ቢሞክሩስ፦ የተጠበሰ ዳቦ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀብተው ሙዝ በስሱ ቆርጠው ይደርድሩበት። ይጣፍጣል፣ ያጠግባል፣ ፍሬውም እውነተኛ ፍሬ ነው። ዶናቱ በሳምንት አንድ ቀን ይቆይ፤ ያችን ቀን ደግሞ እሱ ራሱ ይምረጣት።

ጥያቄ፦ ቡናማ ዳቦ ሁሉ የሙሉ ስንዴ ዳቦ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይህን ጥያቄ ስለጠየቃችሁኝ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለቀለም ነውና።

የስንዴ ፍሬ ሦስት ክፍል አለው። ውጭውን የሚሸፍነው ፉርሽካው ነው። ውስጥ ትንሿ ቡቃያ የምትወጣበት ክፍል አለች። የቀረው፣ ከ100 ወደ 83 እጅ የሚሆነው፣ ነጩ የስታርች ክፍል ነው። ነጭ ዱቄት የሚገኘው ከዚህ ከመጨረሻው ብቻ ነው። ፋይበሩ፣ አብዛኛው ብረትና ዚንክ፣ የቢ ቫይታሚኖችም ብዙው ድርሻ በፉርሽካውና በቡቃያዋ ክፍል ውስጥ ስለሆኑ ሲነጠር አብረው ይሄዳሉ። በብዙ አገሮች ሕጉ ብረትና ፎሊክ አሲድን የመሳሰሉትን መልሶ ዱቄቱ ላይ እንዲጨመር ያዛል። ፋይበሩ ግን አይመለስም።

ነጭ ዱቄትን በሞላሰስ፣ በብቅል ወይም በካራሜል ቀለም ቡናማ ማድረግ ቀላል ነው። ላዩ ላይ ጥቂት አጃ መነስነስም እንዲሁ። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ ማሸጊያውን አንብቡ። የገባበት ነገር የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተጻፈው "ሙሉ ስንዴ" ካልሆነ ዳቦው ሙሉ ስንዴ አይደለም። "የስንዴ ዱቄት" ብቻ የሚል ከሆነ ነጩ ዱቄት ነው ብላችሁ ውሰዱት። "ባለ ብዙ እህል" የሚለውም አያሳስታችሁ። ሰባት ዓይነት እህል ሰባቱም የተነጠረ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የፋይበሩን ቁጥር ፈልጉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ምግብ "ከፍተኛ ፋይበር ያለው" ሊባል የሚችለው በ100 ግራም ቢያንስ 6 ግራም ሲኖረው ነው። ጥሩ መለኪያ ነው፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ነጭ ዳቦ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ግራም ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሙሉ ስንዴ ዳቦ ካሎሪው ያንሳል ብላችሁ ከሆነ አያንስም ማለት ይቻላል። በ100 ግራም ነጩ 265፣ ሙሉው 250 ገደማ ነው። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ለድርቀትም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ዳቦ ሲጠበስ ካሎሪው ይቀንሳል ይባላል።

መልስ፦ አይቀንስም። የሚቀንሰው ውሃው ነው። የቁራጩ ክብደት ይቀንሳል፤ በውስጡ ያለው ካሎሪ ግን እንዳለ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለማረሩ ነው። ስታርች ያለበት ምግብ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲጋገር ወይም ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ነገር ይፈጠራል። ምግብ ውስጥ መኖሩን በ2002 ያስታወቁት የስዊድን ተመራማሪዎች ናቸው። እንስሳት ላይ በብዛት ሲሰጥ ካንሰር አምጥቷል። ሰው ከምግብ በሚያገኘው መጠን ይህ ይከሰታል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ወርቃማ ሲሆን አውጡት። ጥቁሩን ፍቃችሁ ጣሉት።

ጥያቄ፦ የስኳር በሽተኛ ነኝ። ክሮሳንት የደም ስኳርን ከነጭ ዳቦ ያነሰ ከፍ ያደርጋል የሚል አነበብኩ። እውነት ከሆነ ለምን አይመከርም?

መልስ፦ አባቴ፣ ያነበቡት ቁጥር ሐሰት አይደለም። ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ይባላል፤ በ1981 ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዶክተር ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ የቀረበ፣ ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ግሉኮስ የሚባለው ስኳር 100 ሲሆን ነጭ ዳቦ 75 አካባቢ ያገኛል። ክሮሳንት 67 አካባቢ።

ምክንያቱ ቅቤው ነው። ስብ ሆድ ምግቡን ቶሎ እንዳያወርድ ያዘገየዋል። ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ታዲያ ይህን ዝግታ የሚያገኙት በሳቹሬትድ ስብ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ልቡንና የደም ሥሩን ከማንም በላይ መጠበቅ አለበት። ያንኑ ዝግታ በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል። ከተሸረከተ እህልና ከዘር የተጋገረ ዳቦ አለ። በተፈጥሮ እርሾ ረጅም ሰዓት የቦካ ሳወርዶም አለ፤ አሲዱ መፈጨቱን ያዘገየዋል። ከዳቦው ጋር እንቁላል መብላትም ይረዳል።

ብዛቱንም ይመልከቱ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ 30 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ትልቅ ቤግል ብቻውን 55 ግራም። ሐኪምዎ የፈቀዱልዎትን መጠን ይዘው፣ ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደምዎን ይለኩ። የእርስዎ ሰውነት የሚሰጥዎት ቁጥር ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይበልጣል። መድኃኒትዎን ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይንኩ።

ጥያቄ፦ ቤግል ስብ ስለሌለው ለክብደት ቅነሳ መርጬዋለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ስቡ ትንሽ መሆኑ ልክ ነው፤ 2 ግራም ቢሆን ነው። ፕሮቲኑም 10 ግራም ስለሚደርስ ከዚህ ገበታ ጥሩው እሱ ነው። ግን ሊጡ እምቅ ነው። ከመጋገሩ በፊት ውሃ ውስጥ ስለሚቀቀል ውጭው ይጠነክራል፣ ውስጡ እንደታመቀ ይቀራል። አንዱ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሦስት ቁራጭ ዳቦ በላይ ማለት ነው፤ ካሎሪው 270 ወይም 280 ነው። ጨውም አለው። በአንዱ ውስጥ ከ400 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም የተለመደ ነው፤ የቀኑ ጣሪያ 2000 ሚሊግራም ነው። ግማሹን ብላ። ሌላውን ግማሽ ለነገ አቆየው።

ጥያቄ፦ ከግሉተን ነጻ ዳቦ ጤናማ ነው?

መልስ፦ ሴሊያክ፣ ማለትም ሰውነት ግሉተን የሚባለውን የስንዴ ፕሮቲን የማይቀበልበት በሽታ፣ ላለበት ሰው ግዴታ ነው። ከ100 ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ በሽታ ስለሆነ ቀላል አይደለም። ለአብዛኛው ሌላ ሰው ግን የተረጋገጠ ጥቅም የለውም። ብዙውን ጊዜ ከሩዝና ከድንች ስታርች ስለሚሠራ ፕሮቲኑ ያንሳል። ሴሊያክ አለብኝ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግሉተን ከመተዋችሁ በፊት ተመርመሩ። ከተዋችሁ በኋላ ምርመራው ላያሳየው ይችላል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁለት ቁራጭ ዳቦ በማርማላታ በልቼ እወጣለሁ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ክፍል ውስጥ ሆዴ ይጮኻል። ሦስት ቁራጭ ላድርገው?

መልስ፦ ሦስተኛው አይፈታልህም ወንድሜ። ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል ይባል የለ? ነጭ ዳቦና ማርማላታ ሁለቱም ቶሎ ያልቃሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርማላታ 50 ካሎሪ አለው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ከስኳር ነው። የጎደለህ የሚያቆይህ ነገር ነው።

ዳቦው ሁለት ቁራጭ ይሁን፤ ግን ሙሉ ስንዴ አድርገው። ማርማላታውን ትተህ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ጨምር። 70 ካሎሪና 6 ግራም ፕሮቲን አገኘህ። ማታ ቀቅለህ ካስቀመጥከው ጠዋት ጊዜ አይወስድብህም። እንቁላል ካልሆነልህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀባበት፤ ከ7 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን አለው። ካሎሪው ወደ 190 ስለሆነ ግን ማንኪያውን አትቆልል። አንድ ብርቱካን ወይም ፖም ከነፋይበሩ ብትይዝ ደግሞ እሰየው። ጭማቂውን ሳይሆን ፍሬውን።

ጥያቄ፦ ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀመጥ ምግብነቱን ያጣል?

መልስ፦ ምግብነቱን አያጣም፤ ለስላሳነቱን ነው የሚያጣው። ፍሪጅ ውስጥ ስታርቹ ቶሎ ስለሚጠነክር ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ከሚቆየው ቀድሞ ያረጃል። ሻጋታን ግን ያዘገያል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ሸፍናችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በላይ ከሆነ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። የምትፈልጉትን ቁራጭ ብቻ አውጥታችሁ፣ በረዶው እስኪለቅ ሳትጠብቁ፣ በቀጥታ ቶስተር ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ።