«ገንዘቡን ሳልጠይቅ ላኩልኝ»፦ የግል ድርጅት ሠራተኛ በሙስና ትጠየቃለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ትልቅ አክሲዮን ማህበር ግዢ ክፍል ውስጥ በባለሙያነት እሠራለሁ። ድርጅቱ ከሕዝብ አክሲዮን ሸጦ የተቋቋመ ነው። አለቃዬ ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ ሲለኝ ሦስቱንም ከአንድ አቅራቢ እንድቀበል ያዘኛል። ማህተሙ ይለያያል እንጂ ሰውየው አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ይኸው አቅራቢ 30 ሺህ ብር በቴሌብር ላከልኝ። እኔ አልጠየቅኩም። ለአለቃዬ ብነግረው «የሻይ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዢው» አለኝ። ብሩን አልነካሁትም። እኔ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፣ ሙስና የሚባለው ይመለከተኛል? ብናገርስ ያባርሩኛል? ይባስ ብሎ አሁን የሥነ ምግባር መመሪያ በሚያረቅ ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕጉን ከመተንተኔ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። ያ ብር በእጅዎ በቆየ ቁጥር የእርስዎ እየሆነ ይሄዳል። «አልነካሁትም» የሚለው ቃል ዛሬ ይታመናል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ማንም አያምነውም። ስለዚህ ይህን እንዳነበቡ በዚሁ ጉዳይ ሥራ ይጀምሩ።

ወደ ሕጉ ልምጣ። አዎ፣ ይመለከትዎታል። ሙስና የመንግሥት ሠራተኛ ወንጀል ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ገና አልጠፋም። ሕጉ ግን ከተለወጠ ቆይቷል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚለውን አካል ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጎን አስገብቶታል። ሕዝባዊ ድርጅት የሚባለው፣ በግል ዘርፍ ሆኖ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድር ማንኛውም አካል ነው። እድር፣ የሃይማኖት ድርጅት፣ የፖለቲካ ፓርቲና ዓለም አቀፍ ድርጅት በዚህ ውስጥ አይገቡም። ከሕዝብ አክሲዮን ሰብስቦ የሚሠራ ኩባንያ ግን ይገባል። የእርስዎ ድርጅት እንደነገሩኝ ከሆነ ብዙ አያከራክርም።

«አልጠየቅኩም» ወይም «ግዢው አልቆ ነበር» ማለትም ብቻውን አያድንም። ሕጉ የሚቀጣው አስቀድሞ ተደራድሮ የሚቀበለውን ብቻ አይደለም። ሥራው ካለቀ በኋላ ለዚያ ሥራ ተብሎ የሚመጣን የማይገባ ጥቅም መቀበልም ወንጀል ነው። ሰጪውም ይጠየቃል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሐሳብዎ ነው። የተላከለትን ብር ወዲያው የመለሰን ሰው «ተቀበለ» ማለት ይከብዳል። ይዞ ዝም ያለን ሰው ግን ዐቃቤ ሕግ በቀላሉ ይከሰዋል።

ስለ ብሩ ከባልደረቦቼ ጋር ሁሌ አንስማማም። ለድርጅቱ በደረሰኝ ገቢ ይደረግ የሚሉ አሉ። እኔ የምመክረው ይህን ነው። ጠዋት የገባልዎትን ብር መጠን፣ ቀኑን፣ የላኪውን ስልክና የግብይቱን ቁጥር ጠቅሰው ለውስጥ ኦዲት ይጻፉ። ከሰዓት በኋላ ብሩን በመጣበት ቁጥር ይመልሱት። የመጣበትንም የተመለሰበትንም መልእክት ስክሪንሹት አድርገው ያስቀምጡ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ መልሰው በኋላ ከጻፉ፣ «በዋጋው ስላልተስማማች መለሰችው» የሚል ሰው አይጠፋም።

በጥሬው አይመልሱ። በሰው እጅም አይላኩ።

የአለቃዎ ትዕዛዝ ሌላው ከባድ ነገር ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 መሠረት፣ የበታች ሠራተኛ ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመው ይጠየቃል። ፍርድ ቤቱ እንደሁኔታው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ «ታዝዤ ነው» የሚለው ነፃ አያወጣም። ከአንድ ሰው የመጣን ሦስት ፕሮፎርማ ውድድር እንደተካሄደበት አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ሕገ ወጥነቱ አይጠፋዎትም። ስለጻፉልኝም ነው ያወቅኩት።

ከዓመታት በፊት አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቢሮዬ መጣ። ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርጎ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ እንዲፈርም አለቃው ያዝዘው ነበር። «ነገ ይገባል» እየተባለ ዓመት ሙሉ ፈረመ። ኦዲተር ሲመጣ አለቃው «እኔ አላዘዝኩም» አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የሠራተኛው ብቻ ነበር። ትዕዛዙ ሁሉ በቃል ነበር። ያንን ሰው ለመከላከል የነበረኝ የእሱ ቃል ብቻ ነበር፣ በቂም አልሆነም። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አለቃዎ በቃል ሲያዝዎት፣ «እንደነገሩኝ ፕሮፎርማውን ከእነዚህ ሦስት ድርጅቶች ልውሰድ? የሦስቱም አቅራቢ አንድ ሰው ስለሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ» ብለው በኢሜይል ይጠይቁ። መልስ ባይሰጥዎትም ጥያቄው ራሱ ማስረጃ ነው።

እስካሁን የፈረሙባቸው ወረቀቶች እንደሚያስጨንቁዎት ይገባኛል። በፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ አዋጅ ቁጥር 434/1997 ውስጥ ለዚህ የሚሆን መውጫ አለ። በድርጊቱ የተሳተፈ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ስለ ድርጊቱና ስለ ዋና ተሳታፊዎቹ ጠቃሚ መረጃ ከሰጠ፣ ከክስ ነፃ ሊደረግ ይችላል። «ይችላል» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የሚወስነው ሥልጣን ያለው አካል ነው። ቀድሞ የቀረበ ሰው ግን ሁልጊዜ የተሻለ ቦታ አለው። ወደ ምርመራ ከመሄድዎ በፊት ጠበቃ ይያዙ፤ ይህን በጋዜጣ ምክር ብቻ አይጨርሱት።

ለማን ይናገሩ? ደብዳቤውን ለአለቃዎ አለቃ ብቻ አይስጡ። ለውስጥ ኦዲት ጽፈው ግልባጩን ለዳይሬክተሮች ቦርድ ያድርጉ። በፖስታ አሽገው «ምስጢር» ብለው ይጻፉበት። አለበለዚያ መዝገብ ቤት ከገባ ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ሁሉ ያውቀዋል። በእርስዎ ቅጂ ላይ ግን የገቢ ቁጥርና ማህተም ያስደርጉ። ያለዚያ «አልደረሰንም» ይላሉ። ያዩትን ብቻ ይጻፉ። «አለቃዬ ሌባ ነው» አይበሉ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ግዢ፣ እነዚህ ሦስት ፕሮፎርማዎች ከአንድ ሰው እጅ መጡ» ይበሉ። እያወቁ በሐሰት መወንጀል ራሱን የቻለ ወንጀል ነውና ግምትዎን ከወረቀቱ ያውጡት። ዋና ሰነዶችንም ከቢሮ ይዘው አይውጡ። ያለ ፈቃድ የድርጅቱን ንብረት ማውጣት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የተከለከለ ስለሆነ ለማባረር ምክንያት ይሰጧቸዋል። የፋይል ቁጥሮቹን መዝግበው መያዝ ይበቃል፤ መርማሪ ሰነዱን ራሱ ይጠይቃል።

ውስጥ ውስጡን ካልተሰማ ጥቆማው ለፌዴራል ፖሊስ ወይም ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ይቀርባል። ኮሚሽኑ ድሮ ራሱ ይመረምር፣ ራሱም ይከስ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ምርመራው ወደ ፖሊስ፣ ክሱም ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዷል።

«ያባርሩኛል?» ላሉት በሐቅ ልመልስ። ሊሞክሩ ይችላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም በክርክር ተካፋይ ስለሆነ ማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይደለም ይላል። በእኔ አረዳድ የእርስዎ ደብዳቤ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። እንዲህ ከተሰናበቱ ወደ ሥራ የመመለስ መብት አለዎት፤ መመለሱን ካልፈለጉ ካሳ አለ። የ3 ወሩን ጊዜ ግን አይርሱ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «እናስታርቃችሁ» እየተባለ ይህ ጊዜ ያለፈባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ያሳዝኑኛል። የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም አለ። እሱ ግን የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ከባድ አደጋም ሲያሰጋ ነው። በግል ኩባንያ ውስጥ ለሚናገር ሠራተኛ ሕጋችን የሚሰጠው ጥበቃ ቀጭን ነው። ይህ መስተካከል አለበት ብዬ አምናለሁ።

ኮሚቴው ውስጥ መግባትዎን ግን እንደ ዕድል ይዩት። ብዙ ድርጅት «ሠራተኛው ታማኝ መሆን አለበት» የሚል ወረቀት አውጥቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። እሱ ምንም አይለውጥም። እርስዎ ግን ቀዳዳው የት እንዳለ ያውቃሉ። ፕሮፎርማ የሚሰበስበው፣ አሸናፊውን የሚመርጠውና ዕቃውን የሚረከበው ሦስት የተለያየ ሰው ይሁን። ፕሮፎርማ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ለኮሚቴ ይምጣ። የአቅራቢዎች ንግድ ፈቃድ ላይ የባለቤቱና የሥራ አስኪያጁ ስም ይነጻጸር፤ ያን ቢያደርጉ ኖሮ የእርስዎ ሦስት ማህተሞች በመጀመሪያው ቀን ይጋለጡ ነበር። ማንኛውም ስጦታ፣ የበዓል በግም ቢሆን፣ በመዝገብ ይስፈር። ከአቅራቢዎች ጋር በሚፈረመው ውል ላይ «ለሠራተኛ ገንዘብ የሰጠ ውሉ ይቋረጣል» የሚል አንቀጽ ይግባ። ጥቆማው ደግሞ በሥራ አስኪያጁ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ቦርድ የሚደርስበት መንገድ ይኑር።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሊያወጡብዎት የሚሞክሩ ይኖራሉ። ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ይጠይቁ፤ ቅጂውንም ይያዙ።