ኔትወርኩ የእናንተ ነው፣ ውስጡ ያለውስ?

እንዴት ናችሁ ልጆች፣ ኔትወርክ ላይ ሳረጅ ስላያችሁኝ ነው መሰለኝ ሰሞኑን "የሰፈራችንን ኔትወርክ ራሳችን ብንዘረጋስ" እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ዘርጉ። ግን አንቴና ከመስቀላችሁ በፊት ሰው ገብቶ የሚፈልገው ነገር የት እንደተቀመጠ አስቡበት፣ የምታሳዩኝ እቅድ ላይ ስለ ራውተርና ስለ ፍሪኩዌንሲ ገጽ በገጽ ተጽፎ ስለዚ ጉዳይ አንድ መስመር አይገኝም።

ሁለት ጎረቤታሞች ጣራ ላይ አንቴና አቁመው ተገናኙ እንበል፣ በመሀላቸው መልእክት ለማድረስ ጥቂት ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ነው የሚፈጀው። አንዱ ለሌላው ፎቶ በዋትሳፕ ይልካል። ፎቶው ከጣራው ተነስቶ በፋይበር ባህር አቋርጦ ዳታ ሴንተር ይደርስና ተመልሶ እዛው ጎረቤት ቤት ይገባል። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ፎቶውን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ 10,000 ኪሎሜትር ከራቀ ደርሶ መልስ ብቻውን 100 ሚሊሰከንድ ይበላል፣ እሱን ደሞ የትኛውም ጎበዝ ኢንጂነር አያሳጥረውም። ኬብሉ ሲበጠስማ፣ ማርች 2024 ላይ ምዕራብ አፍሪካ እንደሆነው፣ ጎረቤታሞቹ እየተያዩ አይገናኙም።

ኬብል ሳይነካም ይሄው ነው። ኦክቶበር 4, 2021 ፌስቡክ፣ ዋትሳፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰአት ገደማ አንድ ላይ ጠፉ። በጥገና ጊዜ የተሰጠ አንድ ትዕዛዝ የድርጅቱን የውስጥ ኔትወርክ ቆረጠው፣ የሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈቱት ዲኤንኤስ ሰርቨሮቹም ከኢንተርኔት ላይ ተሰወሩ። የአለም ፋይበር በሙሉ ደህና ነበር እኮ! አሜሪካዊው ኢንጂነር ፖል ባራን በ1964 መሀል የሌለው፣ ቢመታም የማይሞት ኔትወርክ ብሎ የጻፈው ሽቦውን ነበር፣ እኛ ደሞ ሽቦው ላይ መልሰን መሀል ሠራንለት።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ርቀት እንደሚጎዳ ከእኛ በፊት ገብቷቸዋል፣ ኔትፍሊክስም ጎግልም የቪዲዮዎቻቸውን ቅጂ የያዘ የራሳቸውን ማሽን ኢንተርኔት አቅራቢዎች ጋ ድረስ አምጥተው ያስቀምጣሉ። ቪዲዮው ቶሎ የሚከፍትላችሁ ለዛ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ አልነቅፍም፣ ግን ቅጂው ስለቀረበ የእናንተ ሆነ ማለት አይደለም፣ ምን እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚነሳ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

በ2004 ስፔን፣ ካታሎኒያ ገጠር ውስጥ የተጀመረውን ጉይፊ የሚባል የማህበረሰብ ኔትወርክ እዩ፣ ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ኖድ (የመገናኛ ነጥብ) አለው፣ መስመር ለመዘርጋት ከሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የኩባዋ ዋና ከተማ የሃቫና የሰፈር ኔትወርክ፣ ኤስኔት ነው። ወጣቶቹ ከቤት ቤት ኬብልና ዋይፋይ ዘርግተው ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኙ ጌም፣ ፎረም፣ ቻት ምናምን እዛው ሰርቨር ላይ አድርገው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጠቀምበት ነበር። በ2019 የወጣው የመንግስት ደንብ እንደ ድሮው እንዳይቀጥል አደረገው፣ ስለዚ የህጉን ነገርም ቀድማችሁ አጣሩ። ሰውን የሳበው ግን ውስጡ ያለው ነገር ነበር፣ ኬብል ለማየት ብሎ የሚመጣ የለም።

እናም ከሰርቨሩ ጀምሩ። ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ (ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ጫኑ፣ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስ አስገቡበት፣ የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነፎቶው 100 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ቻትና ፋይል ማስቀመጫ ጨምሩ፣ የሰፈሩ ልጆች የሠሩትን ቪዲዮና ኖት አስቀምጡበት። ከዛ የውጪውን መስመር ንቀሉና የሚሠራውን እዩ። ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ገጹ አይከፍትም፣ ስሙን የሚፈታው ዲኤንኤስ ውጪ ስለሆነ፣ ወይ ሎግኢኑ በጎግል አካውንት ስለሆነ፣ ወይ ፎንቱ ከሌላ ሳይት ስለሚመጣ ገጹ ሲጠብቅ ይቆያል። ዲኤንኤሱን ወደ ውስጥ አምጡት። ብሮውዘሩ ሳይቱን የሚያምንበትን የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬትም እንዳትረሱ፣ በነጻ የሚሰጠው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ቢበዛ 90 ቀን ነው የሚያገለግለው፣ ለማደስ ደሞ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ መስመሩ ከዛ በላይ ከጠፋ ብሮውዘሩ የራሳችሁን ሰርቨር አላምነውም ይላችኋል። የሰርቨሩን ፓስወርድ ደሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው።