ጃንዋሪ ላይ ደሞዝ ሲቀንስ

ልጆቼ፣ በ2025 መጀመሪያ አንዲት ወጣት ደውላ «ደሞዜ ከኖቬምበሩ ቀንሷል፤ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። እዚህ ካናዳ ኢ.አይ. የምንለው የሥራ አጥነት መድን የዓመቱ ጣሪያ ላይ ሲደርስ መቆረጡ ይቆማል። ጃንዋሪ ላይ እንደገና ይጀምራል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እማማ የምንላቸው አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አሉኝ።

ፔይሮል፣ ማለትም ደሞዝ የሚሰላበት ክፍል በምሠራበት ጊዜ እማማ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። የደሞዝ ወረቀታቸውን አራት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይይዛሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጡ። ውሃ የበላው ጣታቸውን አንዷ መስመር ላይ አድርገው «ይቺ የምትቆረጠዋ ምንድን ናት የኔ ልጅ?» አሉኝ። ጃንዋሪ ነበር። አዲሱን የዓመት ተመን እያስገባሁ ነው፤ ሥራው ተከምሮብኛል። ቀና እንኳ ሳልል «የመንግሥት ናት እማማ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወረቀቱን እንደነበረው አጥፈው ሄዱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ተዘጋ። ሁሉም ሌይኦፍ ሆኑ፤ ከሥራ ተቀነሱ። እማማ ክረምቱን ሙሉ ከሰው እየተበደሩ ኪራይ መክፈላቸውን የሰማሁት ቆይቶ፣ ለቅሶ ቤት ነው። ለምን አላመለከቱም ስላቸው «የመንግሥት ናት አላልከኝም? የመንግሥትን ገንዘብ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መድን ናት፣ ሥራ ቢጠፋ ትደርስልዎታለች ማለት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ለዚያች መስመር ከእሳቸው አንድ ዶላር በተቆረጠ ቁጥር ቀጣሪው 1.40 ይጨምርባት ነበር።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ የገባውን ገንዘብ ታያላችሁ እንጂ ወረቀቱን አትከፍቱም። ይህ ያናድደኛል። ግን ደውላ የጠየቀችኝም የዛሬ ልጅ ናት። በእኛ ጊዜ መጠየቅ ያሳፍር ነበር።

ተመኑ በየዓመቱ ይቀየራል። ከኪቤክ ውጭ በ2024 ከ100 ዶላር 1.66 ነበር፤ በ2025 1.64 ሆነ። ወረደ ብሎ የተደሰተ ብዙ ነበር። መድኑ የሚቆረጥበት የዓመት ደሞዝ ጣሪያ ግን ያኔ ከ63,200 ወደ 65,700 ዶላር ከፍ አለ። ስለዚህ በዓመት 40,000 የሚያገኝ ሰው 8 ዶላር ሲቀርለት፣ ደሞዙ ጣሪያውን ያለፈው የዓመት ቆራጩ ከ1,049.12 ወደ 1,077.48 ወጣበት። ሁለት ቦታ የምትሠሩ ደግሞ ሁለቱም ይቆርጡባችኋል፤ ከጣሪያው ያለፈው ታክስ ስትሞሉ ይመለሳል።

ሥራ ካጣችሁ በአራት ሳምንት ውስጥ አመልክቱ። ቀጣሪው የሥራ ማስረጃውን እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ።

በማግስቱ ለልጅቷ መልሼ ደወልኩ። ወረቀቱን ክፈቺው አልኳት። መስመር በመስመር አብረን አነበብነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።