ሶሌታው የተሰነጠቀው በፒፒሲው ነው?

ወንድሜ፣ «ጠዋት በፒፒሲ የሞላነው ሶሌታ ከሰዓት ፊቱ ተሰነጣጠቀ። ፖዞላናው ነው? ስላግ ያለበት ሲሚንቶ ይሻል ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል። ፒፒሲ ማለት ፖዞላና፣ ማለትም እንደ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ያለ ማዕድን፣ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ነው፤ ስላግ ደግሞ ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) ሲሞላ ብዙ ጊዜ የቆምኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እይ። በዚያው ቀን የሚመጣ ስንጥቅ አርማታው ገና ሳይጠነክር የሚፈጠር ነው። ትኩስ አርማታ ውሃ ወደ ላይ ይተፋል። ፀሐይና ነፋስ ያን ውሃ ከሚተፋው ፈጥነው ከወሰዱት ፊቱ ይሰነጠቃል። ትነቱ በካሬ ሜትር በሰዓት ወደ 1 ኪሎ ሲጠጋ ያሰጋል። ፒፒሲው ምንም እጅ የለበትም አልልህም። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚገባበት ፖዞላና ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፤ ደቃቅ ስለሆነ ውሃ ይይዛል። ሲሚንቶውም ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ስለዚህ ለነፋሱ ተጋልጦ ይቆያል። ሲሊካ ፊዩም (እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት) ያለበትማ ውሃ የሚተፋ እንኳን አይመስልም፤ እሱ ይብሳል።

በሳምንታትና በወራት የሚመጣው መኮማተር ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ወሳኙ የውሃው ብዛት ነው። ጠጠር አይኮማተርም፤ የሚኮማተረው በመሃሉ ያለው ሲሚንቶና ውሃ ነው። ስላግ በእኩል ውሃ ሲሠራ ከኦፒሲ (እንዲህ ያለ ነገር ካልተቀላቀለበት ተራ ሲሚንቶ) ብዙም አይለይም። በጣም ደቅቆ፣ ውሃው እጅግ ባነሰ ጠንካራ አርማታ ውስጥ ከገባ ግን አርማታው ከውስጥ ራሱን ያደርቅና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ይኮማተራል። ፍላይ አሽ (የድንጋይ ከሰል አመድ) ቅንጣቱ ክብ ስለሆነ ውሃ ያስቀንሳል፤ የሚጠቅምህም ውሃውን በእርግጥ ከቀነስክ ነው። እና ስላግ ፍለጋ አትድከም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ባልዲው ነው። ፒፒሲ ወፈር ይላል፤ ሠራተኛው ደከመው፤ ማንም ሳያይ ሚክሰሩ ውስጥ ውሃ ይደፋል። ፎርማኑ እዚያው ይቁም። ማለስለስ ካስፈለገ ሱፐርፕላስቲሳይዘር (አርማታን የሚያለሰልስ ኬሚካል) ይግባበት እንጂ ውሃ አይጨመር።

ለሚቀጥለው ሶሌታ ጠጠሩንና ካሳፎርማውን (አርማታው የሚሞላበትን ቅርጽ) ቀድመህ አርጥብ። ቀትር ላይ አትሙላ። ፊቱ እንደተስተካከለ ወዲያው ፕላስቲክ አልብሰው፤ እስከ ነገ አትጠብቅ። ሲጠነክር እርጥብ ጆንያ አንጥፍበትና ቢያንስ 10 ቀን ሳይደርቅ አቆየው። ጠዋትና ማታ ረጭቶ መሄድ አይበቃም፤ ፖዞላናው ሥራውን የሚጨርሰው እርጥበት ሲያገኝ ነው።

የአሁኑን ስንጥቅ በሲሚንቶ ቀብተህ አትሸፍነው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ አንዳንዴ እስከ ታች ይዘልቃል። ካሳፎርማው ሲነሳ ከሥር ከታየህ፣ ሊሾ ከመሥራትህ በፊት ለኢንጂነሩ አሳየው።