በሬው ከጥማዱ አይለይ

ከቢቸና አካባቢ አንድ ልጅ ጽፎልኛል። 12ኛ ክፍልን አልፎ ዓባይን ተሻግሮ፣ ሩቅ አገር ካለ ዩኒቨርሲቲ ተመድቧል። «ስመረቅ የወጪ መጋራት ዕዳ ይጠብቀኛል። ታላቅ ወንድሜ ዲግሪውን ይዞ ይኸው ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። አጎቴ ባሕር ዳር ሱቅ አለው፣ ና አብረን እንሥራ ይለኛል። ለመሆኑ ዲግሪው ወጪውን ያወጣል ወይ?» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አድርጓል፦ «አባቴ ለላፕቶፕና ለመሄጃዬ ብሎ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሊሸጥ ነው።»

ወንድሜ፣ እዚያ ስደርስ የቀረውን ጥያቄህን ረሳሁት።

ግን መጀመሪያ ያስፈራህን ዕዳ እንየው። ወጪ መጋራት ከ1996 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። የምግብና የመኝታህን ሙሉውን፣ የትምህርቱን ደግሞ 15 በመቶ ትጋራለህ። ስትገባ ውል ትፈርማለህ እንጂ ከኪስህ ብር አታወጣም። ክፍያው የሚጀምረው ሥራ ይዘህ ነው፤ ከደመወዝህ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። 10 ሺህ ብር ብታገኝ አንድ ሺህ ማለት ነው። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚያዘው የምግብ ብር 22 ነበር፣ በ2017 ወደ 100 አድጓል። በአሥር ወር ስታሰላው 30 ሺህ ብር ነው፤ ዕዳውም አብሮ ይወፍራል። ከፍለህ እስክትጨርስም ዋናውን ዲግሪ አይሰጡህም፣ በጊዜያዊው ነው ሥራ የምትፈልገው። ቢሆንም ዕዳው ይታገሥሃል። ደመወዝ ሳትይዝ የሚቆረጥብህ የለም።

የበሬው ዕዳ ግን ገና ሳትሳፈር ይጀምራል።

የጤፍ አገር ልጅ ነህ፣ ይህን እኔ ላስረዳህ አይገባም ነበር። የእናንተ ጥቁር አፈር አራት አምስት ጊዜ ታርሶ ነው ጤፍ የሚዘራበት። አባትህ አንድ በሬ ሲቀራቸው መቀናጆ ይፈልጋሉ። እንደሳቸው አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ተራ ይገባሉ። ዝናቡ ደግሞ ተራ አያውቅም። መሬቱ ለእርሻ በደረሰበት ቀን ተራው የጎረቤት ከሆነ ቆሞ ማየት ነው። መቀናጆ ካጡ መሬቱን ለእኩል ይሰጣሉ። ያኔ ከአሥር ኩንታል አምስቱ ከአውድማ በቀጥታ ወደ ሰው ጎተራ ይገባል። አንተ አራት ዓመት ስትማር አራት አዝመራ እንዲህ አለፈ ማለት ነው። ከወጪ መጋራቱ ጋር ይህንንም ደምረኸዋል? አልደመርከውም። ወረቀት ላይ ስላልተፈረመ ማንም አይደምረውም።

እኛ ቤት ሆኗል። ለታላቅ ወንድሜ ትምህርት አባቴ በሬ ሸጧል፤ «ሲመረቅ ሁለት ይገዛልኛል» እያለ። ወንድሜ ተመረቀ፣ ሥራም ያዘ። ደመወዙ ግን ከቤት ኪራይና ከራሱ ትዳር አላለፈም። መሬታችን ሰባት ዓመት በእኩል ታረሰ። የእኔ ተራ ሲደርስ የሚሸጥ ነገር ስላልነበረ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ጨርሼም ጮቄ ሥር ካለ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ዲግሪዬን የያዝኩት ክረምት ክረምት ባሕር ዳር እየወረድኩ ነው፣ ደመወዜን እየበላሁ።

አባትህን አላገኛቸውም፣ ስለዚህ በአንተ በኩል ልናገራቸው። ለልጅ በሬ መሸጥ አገራችን ላይ እንደ ጀግንነት ይወራል። ለእኔ ብድር ነው። መክፈያው ቀን አይታወቅም፣ ስንት እንደሆነም አይነገርህም፣ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ታስታውሰዋለህ። ስለ ወንድምህም ልጠርጥር። ሁለት ዓመት ቤት ያስቀመጠው የሥራ እጦት ብቻ አይመስለኝም። «ዲግሪ የያዘ ልጅ እርፍ አይጨብጥም» እየተባለ፣ በሬ የተሸጠለት ልጅ ሱቅ ተቀጥሮ መታየት ያፍራል። እስቲ ጠይቀው።

ታዲያ ልቅር ወይ? አትቅር። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታትም ከአሥር ተፈታኝ አንድ እንኳ አልሞላም። ይህን ወንፊት አልፈህ ባንኮኒ ጀርባ አትቁም። ሂድ፣ ግን በሬው ሳይሸጥ ሂድ።

ላፕቶፑ ይቆይ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሎጂክ። ለዚህ ቤተ መጻሕፍቱና ስልክህ ይበቃሉ። ምግብህን ከዩኒቨርሲቲው ካፌ ብላ። ጓደኞችህ ነን ካፌ ሲወጡ፣ ማለትም የግቢውን ምግብ ትተው ውጭ ሲበሉ፣ አትከተል፣ ከቤት የመጣ ብር የሚያልቀው እዚያ ነው። የቀረው መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስና ጫማ ነው። ለዚህ በግ መሸጥ ይበቃል። አጎትህንም እምቢ አትበላቸው። ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ሲዘጋ ሱቃቸው ገብተህ ሥራ፣ ያገኘኸው የቀጣዩ ዓመት ኪስህ ይሁን። አብረን እንሥራ ያለ ሰው ለሁለት ወር ካልተቀበለህ፣ ግብዣው የአፍ ነበር ማለት ነው።

የትምህርት ክፍል ስትመርጥ ስሙ ያማረውን ተወው፤ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው የሚቀጠርበትን ጠይቅ። መምህርነትንም አትናቅ። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ አለ፣ 50 ያላመጣ ዲግሪ አይዝም። ዝግጅቱን ለመጨረሻው ዓመት አታቆየው። የርቀቱ ነገር ደግሞ ይለመዳል፤ መንገድ አስጊ ሲሆን ግን ለዕረፍት ልምጣ ብለህ አትሟገት፣ ባለህበት ቆይ።

አሁን ከሁሉ የሚቀድመው አባትህ በሬውን ገበያ ሳያወጡት ማነጋገር ነው። ማታ እራት ሲቀርብ፣ ወንድምህም ባለበት፣ «አባዬ፣ በጉ ይበቃኛል» በላቸው።