ዎርድፕረስን ትቼ ሪአክት ልማር?

«የኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለአንድ የልብስ ሱቅ በዎርድፕረስ ድረ ገጽ ሠራሁ። መልኩን የቀየርኩት የቲሙን (የገጹን መልክ የሚወስነውን) ፋይሎች ከፍቼ ነበር። ቲሙ አፕዴት ሲደረግ የሠራሁት ሁሉ ጠፋ፤ ደንበኛዬም ተቆጣች። ጓደኞቼ ደግሞ ዎርድፕረስ ፕሮግራሚንግ አይደለም ይሉኛል። ትቼው ሪአክት የሚባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ልማር?»

እህቴ፣ አትተዪው። መጀመሪያ ግን የሱቁን ነገር እንጨርስ። ብዙ ሆስቲንግ ሰጪዎች (ድረ ገጹ የተቀመጠበትን ሰርቨር የሚያከራዩት) ባክአፕ ይይዛሉ፤ ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። የድሮው ፋይል ከተገኘ አንቺ የቀየርሽውን ለይተሽ አውጪና ቻይልድ ቲም ውስጥ አስገቢው። ቻይልድ ቲም ከዋናው ቲም ጎን የሚቀመጥ የራስሽ ፎልደር ነው። ለመጀመር አንድ የስታይል ፋይል ይበቃዋል፤ አናቱ ላይ የዋናው ቲም ፎልደር ስም ይጻፋል። ዋናው ሲታደስ ያንቺን ማንም አይነካውም። ተናድደሽ አፕዴቱን እንዳትዘጊው ብቻ! የደህንነት ክፍተቶች የሚደፈኑት በሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው የወጣው። ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይሠሩበታል። ዝግጁ ቲም መጫን ማንም ቶሎ ይለምደዋል፤ ለሱ ብቻ ደህና ብር የሚከፍል የለም። ክፍያው የሚመጣው ደንበኛው «ይሄ ለእኛ እንዲህ ቢሆንልን» ሲል ነው። ያኔ ሲኤስኤስ (የገጽ መልክ የሚጻፍበት)፣ ፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ) እና ጃቫስክሪፕት ያስፈልጉሻል። ከሁሉ በላይ ሁኮችን፣ ማለትም ዎርድፕረስ የራስሽን ኮድ እንድታያይዢባቸው የተዋቸውን ቦታዎች፣ አጥኚ። አክሽን የሚባለው ሁክ አንድ ነገር ሲከናወን ያንቺም ኮድ አብሮ እንዲሠራ ያደርጋል። ፊልተር ደግሞ መረጃው ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይዘሽ እንድትቀይሪው ዕድል ይሰጥሻል። ዋናውን ኮድ አትነኪም። ይህ የለየለት ፕሮግራሚንግ ነው። ሪአክትም ቢሆን አይባክንም፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለው የዎርድፕረስ ብሎክ ኤዲተር (ጽሑፍ ማሰናጃው) የተሠራው በሪአክት ነው።

አንቺን ከሌላው የሚለይሽ ግን አማርኛው ነው። እዚህ ላይ ያልተሠራ ብዙ ሥራ አለ። የአማርኛ ርዕስ ያለው ጽሑፍ ሊንክ ቴሌግራም ላይ ሲላክ አይተሽ ታውቂያለሽ? በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር ይሞላል። አንዱ ፊደላችን ሊንክ ውስጥ ሲገባ 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ደግሞ የሊንኩን ስም 200 ምልክት ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ርዕስ ሊንኩ ውስጥ የለም። ርዕሱን ወደ ላቲን ፊደል ቀይሮ አጭር ሊንክ የሚያወጣ ፊልተር መጻፍ ትችያለሽ። ቀኑም አለ። አንባቢው መስከረም 1 ብሎ የሚያውቀውን ቀን ገጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣዋል። ኢንትል የሚባለው የፒኤችፒ ተጨማሪ ክፍል (ኤክስቴንሽን) የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፤ ቀኑን በፊልተር ይዞ መቀየር ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ነው። የፊደሉ መልክ ደግሞ በሲኤስኤስ ይስተካከላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት አስገቢ፣ የመስመሩን ክፍተት ሰፋ አድርጊ፣ ኢታሊኩን አጥፊው። የእኛ ፊደል ሲጋደም ለማንበብ ያስቸግራል።

ከእነዚህ አንዱን ትንሽ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) አድርገሽ፣ ኮድ በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ አውጪው። ቀጣሪ ሲጠይቅሽ ምን ችግር እንዳየሽና እንዴት እንደፈታሽው የምትናገሪበት ሥራ ይኖርሻል። ሲቪ ላይ «ዎርድፕረስ እችላለሁ» ብሎ መጻፍ ይህን አያደርግልሽም።

ለሚቀጥለው ደንበኛ ደግሞ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ስንት ገጽ እንደምትሠሪ፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደምታደርጊ፣ ከርክክብ በኋላ አፕዴትና ባክአፕ የማን ኃላፊነት እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። የወር ጥገናውን ለብቻው አስከፍዪ። ለውጡን ሁሉ መጀመሪያ ኮምፒውተርሽ ላይ ባለ ቅጂ ሞክሪው። ክራክ የተደረገ ቲም ወይም ፕለጊን ግን ደንበኛው ቢለምንሽም አትጫኚ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ቫይረስ አለበት፤ ሱቁ ሲጠለፍ የሚጠራው ያንቺ ስም ነው።

ፕለጊኑን ስትጨርሺ ሊንኩን ከሲቪሽ ጋር ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።